ዛሬ ማታ ምን እንይ? መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ማን እንዳለ ንገሩኝ

ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ ማታ የሚወጣባት ከተማ አይደለችም። ዝናቡ አለ፣ ጭቃው አለ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አለ። ሰው በጊዜ ይገባል። ጋቢውን ይደርባል። ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የሪሞት ጭቅጭቅ ነው።

እኛ ቤት አምስት ነን። አባዬ እህል ነጋዴ ነው። እማዬ አለች። ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ለእረፍት መጥታለች። እናና፣ አያቴ፣ ለዓይናቸው ሕክምና ከአማኑኤል ከተማ መጥተው ዝናቡ እስኪያባራ እኛ ጋ ናቸው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ኮሜዲ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው። በዚህ ክረምት ያለኝን ሁሉ ለእነዚህ ሰዎች አሳይቻለሁ። የሀገር ውስጡን፣ የውጩን፣ ድምፅ አልባውን። ማን የት ላይ እንደሳቀ፣ ማን የት ላይ እንዳንቀላፋ አውቃለሁ። ሐያሲ አይደለሁም። አድናቂ ነኝ፤ አድልዎዬም ብዙ ነው።

«የትኛው ኮሜዲ ይበልጣል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልስ የለኝም። አብሯችሁ የተቀመጠው ሰው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። ብቻዬን ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ፊልም አባዬ አጠገቤ ሲቀመጥ ላብ በላብ አድርጎኛል።

መለኪያዬ ደግሞ የሀገሬ ነው። ዲማና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት ምድር ያደገ ሰው፣ ቅኔ ቤት ባይገባም፣ ሰምና ወርቅ የሚባለውን ነገር በጆሮው ይዞ ያድጋል። ሰም ብቻ ያለው ቀልድ እዚያው አስቆ እዚያው ያልቃል። ወርቅ ያለው ግን ጠዋት ፊታችሁን ስትታጠቡ ድንገት ይመጣና ብቻችሁን ያስቃችኋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲያስጭን የዋለ ሰው ሁልጊዜ ወርቅ ፍለጋ አይወጣም።

እናና ካሉ

ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይሰማ ወይም ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ የማያነብ ሰው ካለ ብዙ አታስቡ። እምብዛም ሳይናገር የሚያስቀውን ሚስተር ቢንን ክፈቱ።

እኔ መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። እህቴን አስተርጓሚ አድርጌ የአሜሪካኑን ኮሜዲ «ፍሬንድስ»ን ከፈትኩ። ቀልዱ ይነገራል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። እህቴ «ምን አለ መሰለዎት እናና...» ብላ ትጀምራለች። እሷ እስክትጨርስ ሌላ ሦስት ቀልድ አልፏል። እናና ትንሽ ታገሱና «ተይው ልጄ፣ እነሱ ይሳቁ» አሉ።

በማግስቱ ሚስተር ቢን መጣ። ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች የሚሠራበትን ታውቁታላችሁ። ዳቦውን በመቀስ ይቆርጣል። ሰላጣውን ያጥብና ካልሲውን አውልቆ እዚያ ውስጥ ከትቶ እያሽከረከረ ያደርቀዋል። እናና እንጀራ ለማንሳት እንኳ ሁለቴ የሚታጠቡ ሰው ናቸው። «ኧረ ይሄን ቆሻሻ ከፊቴ አንሱልኝ!» ይላሉ። ዓይናቸውን ግን አይነቅሉም። የታመመውንም ዓይን ጭምር።

ሌላው እኛ ሀገር በተለየ መንገድ የሚሠራ ቀልድ አለ። ሚስተር ቢን አንዲት ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር መኪና ጠላት አድርጎ ይዟታል። ባገኛት ቁጥር ይገፋታል፣ ይገለብጣታል፣ ከማቆሚያ ቦታዋ ያባርራታል። የሾፌሩ ፊት አንድም ጊዜ አይታይም። እንግሊዞች ለምን እንደሚስቁ አላውቅም። እኛ ግን ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር ስናይ የምናስበው አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት የጎረቤታችን ልጅ ዝናብ ይዞት ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገብቶ ነበር። መኪናዋ በጎኗ ስትጋደም እዚያ የነበርነው ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ባለቤቱ ማታ ገቢ ይጠብቃል እኮ» አለ። ከዚያ እኛ በእሱ ሳቅን። ከዚያ እሱም ሳቀ። ከሰሙ በላይ ያገኘነው እንግዲህ እሱ ነው።

ጉድለቱ ማለቁ ነው። ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የተሠራው 15 ክፍል ብቻ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ስድስት ሰዓት ገደማ። የሁለት ቅዳሜ ነገር ነው። ካርቱኑ ሌላ ነው፣ ለሕፃናት ተዉት። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው መሆኑን ስሰማ አልገረመኝም። አንዷን ብሎን ብትነቅሉባት ቀልዱ በሙሉ ይቆማል።

የሀገር ውስጡ፦ «ቤቶች» ወይስ «ምን ልታዘዝ»?

ይሄ ሰፈር ውስጥ እውነተኛ ክርክር የሚያስነሳ ጥያቄ ነው። እኔም ላይ ቶሎ አያልቅም።

የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» የቤት ወሬ ነው። አንድ ቤተሰብ አለ። ጉዳዩ ከዚያ ቤት ይነሳል፣ እዚያው ቤት ይቋጫል። ትልቁ ጥቅሙ ማንም ሰው ከመሀል ገብቶ ማየት መቻሉ ነው። እማዬ ወጥ እያማሰለች ከኩሽና በድምፅ ብቻ ትከታተለዋለች። ባለፈው ሳምንት ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋትም። ቅር የሚለኝ ምክሩ ነው። አንዳንዴ ቀልዱ ሊፈነዳ ሲል ትምህርት ይቀድመዋል። እማዬ ግን ይሄንኑ ነው የምትወደው። «ሰምተሃል?» ትለኛለች፣ ከኩሽና።

የበኃይሉ ዋሴ «ምን ልታዘዝ» ሌላ ዝርያ ነው። በፋና ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረ፣ አንድ ካፌ ውስጥ የሚውል ኮሜዲ ነው። አስተናጋጅ አለ፣ ባለቤት አለ፣ ደንበኛ አለ። ላይ ላዩን የቡና፣ የሒሳብና የቲፕ ጭቅጭቅ ነው። ሰሙ ይሄ ነው። ወርቁን ለእናንተ መፍታት አያስፈልገኝም። ካፌው ካፌ ብቻ እንዳልሆነ የማያውቅ ተመልካች አልነበረም።

አባዬን ያሳየሁት ዕለት አንድም ቃል አልተናገረም። አልሳቀም። ሻዩን ጠጥቶ ተኛ። «አልወደደውም» ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ስፍር ስቶ ቀና አለና «ያ ካፌ ግን...» አለ። «እ?» አልኩት። «ባለቤቱ ማን እንደሆነ ገባህ?» ብሎ ብቻውን መሳቅ ጀመረ። ደንበኛው ጤፉን ይዞ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ያየናል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የመጣ ሳቅ! ለእኔ ከዚህ በላይ ሽልማት የለም።

እንግዲያው «ምን ልታዘዝ» አሸነፈ? በእኔ ሚዛን አዎ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የፖለቲካ ቀልድ እንደ እሸት ነው፤ በሰሞኑ ነው የሚጣፍጠው። የዚያን ሳምንት ወሬ ያልሰማ ሰው ዛሬ ቢያየው ሰሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። እህቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ግማሹን «ምኑ ነው የሚያስቀው?» እያለች ነው የጨረሰችው። ማስረዳት ስጀምር ደግሞ ተረት ነጋሪ መሰልኩ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ዜና ይከታተል የነበረ ሰው ካለ «ምን ልታዘዝ»ን ምረጡ። ቤቱ በልጅ ከተሞላ «ቤቶች» ይሻላችኋል።

የመድረክ ቀልድ ላይ አጭር ቅሬታ አለኝ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ክበበው ገዳ፤ እነዚህን በካሴት ሰምቶ ያደገ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። አባዬ እስከ ዛሬ የጥንድ ቀልድ ይሻለኛል ይላል። «አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚያርመው ሰው ያስፈልጋል» ነው ምክንያቱ። ቅሬታዬ ግን ወዲህ ነው። አንዳንድ ቀልደኛ፣ ስም አልጠራም፣ ባላገር ልጫወት ሲል ወዲያው ጎጃሜ ይሆናል። አረንጓዴ ቁምጣ ይለብሳል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋድማል፣ «እሺ»ን «እሽ» ይላል፣ አለቀ። ቀልድ የለም እኮ! ቁምጣና «እሽ» ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ምን ፈልጎ ከተማ እንደመጣ እንኳ አይነገረንም። እናና እንዲህ ያለውን ሲያዩ አይቆጡም። «ቁምጣው እንኳ አልተሰፋለትም» ይላሉ። ስለዚህ አዲስ የመድረክ ቀልድ ስትመርጡ ባላገሩ ብልጥ ነው ወይስ መሳቂያ ብላችሁ እዩ። ባላገሩ በመጨረሻ ከተሜውን የሚያታልልበት ከሆነ ይያዝ። እሱ እኛ ቤት ደጋግሞ ይታያል።

የውጩ፦ ሦስት ተወዳጆቼ እንዴት ሰፈር ሰፈራቸውን እንደያዙ

ድሮ ዲሻችን ወደ ናይልሳት ዞሮ በነበረ ጊዜ የዐረብ ቻናሎች ነበሩ የውጭ ኮሜዲ የሚያሳዩን። እንግሊዝኛ ይወራል፣ ከታች ዐረብኛ ይጻፋል፣ እኛ በአማርኛ እንገምታለን። የሀገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሹም ዞረ። አሁን ያለን ፍላሽ ነው።

ስለ ፍላሽ ካነሳሁ ሒሳቡን ልናገር። «ፍሬንድስ» ከ1994 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. 10 ምዕራፍ፣ 236 ክፍል ነው። እያንዳንዱ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ሳትተኙ ብታዩት ወደ 87 ሰዓት ይወስዳል። አንዱን ክፍል በ150 ሜጋባይት ብታስቡት 32 ጊጋ ፍላሽ አይችለውም። ፊልም የሚጭነው ልጅ «ሙሉውን ጫንኩልህ» ካላችሁ ቤት ሳትገቡ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፍታችሁ እዩ። እኔ አላየሁም። እህቴ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ባዶ ፎልደር አገኘች፤ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

«ፍሬንድስ» የእህቴ ነው። እንግሊዝኛዋንም ያስተካከለላት እሱ ነው፣ ይሄን አልክድም። ስድስት ጓደኛሞች ቡና ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ የሚውሉበት ነገር ነው። የእናና አስተያየት ስለ ቡናው ነበር። ያንን ትልልቅ ስኒ አይተው «ይሄ ቡና ነው ጠላ?» አሉ። ቀጥለው «አቦል ነው ቶና?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ከቤተሰብ ጋር ለማየት ግን አልመክርም። ችግሩ መሳሳሙ ነው። እሱ ሲመጣ አባዬ ስልኩን ማየት ይጀምራል። እማዬ ያልተጣደ ወጥ ልታማስል ትነሳለች። እኔ ሪሞት እፈልጋለሁ፣ እጄ ላይ ይዤው።

አባዬን የያዘው ግን አንድ ነገር ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ስድስቱ ተዋንያን ለእያንዳንዱ ክፍል በነፍስ ወከፍ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸው እንደነበር ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «ለስንት ደቂቃ?» አለ። ሃያ ሁለት አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አካፈለ። ደቂቃዋ ከ45 ሺህ ዶላር በላይ ሆነች። በጤፍ ሊያሰላው ጀምሮ ተወው።

አባዬን ያስደሰተው ሌላ ነው። «ኤቭሪባዲ ሄትስ ክሪስ» ይባላል። ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. 4 ምዕራፍ፣ 88 ክፍል። የኮሜዲያኑ የክሪስ ሮክ የልጅነት ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ተራኪውም ራሱ ነው። በ1980ዎቹ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ጥቁር ቤተሰብ አለ። አባትየው ጁሊየስ ሁለት ሥራ ይሠራል። የሁሉን ነገር ዋጋ ያውቃል። ልጁ ወተት ካፈሰሰ የፈሰሰው ወተት ስንት ሳንቲም እንደሆነ ይናገራል። ማታ የግድግዳውን ሰዓት ከሶኬት ያስነቅላል። ተኝተህ ሰዓት አታይማ!

ይሄን ለማየት ሙሉ ትርጉም አያስፈልግም። እኔ ለአባዬ ዋጋውን ብቻ ነበር የምተረጉምለት። ቁጥር ደግሞ ለመተርጎም ቀላል ነው። አባዬ ግን አንድም ቀን አልሳቀበትም። ራሱን ይነቀንቃል። «ትክክል ነው» ይላል። ኮሜዲ መሆኑን የተረዳ አይመስለኝም፤ የምክር ፕሮግራም መስሎታል። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ የበረንዳውን መብራት አጠፋ። እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ባሌ ሁለት ሥራ አለው» እያለች ከሥራ ሥራ የምትለቀውን የክሪስን እናት ደግሞ እማዬ ናት የምትወዳት። እንግዲህ ባልና ሚስት አብረው የሚያዩት ከውጭ አንድ ነገር ምረጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት ይሄንን ነው።

ሦስተኛው የእኔ ብቻ ነው። «ዘ ኦፊስ»፤ የአንድ ቢሮ ሠራተኞችና የአለቃቸው ውሎ ነው። ሁለት አለ። የእንግሊዙ ይቀድማል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልዩ ክፍሎቹ ጋር 14 ብቻ ነው። የአሜሪካው ከ2005 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. 201 ክፍል ሄዷል። የእንግሊዙ መራራ ነው፣ የአሜሪካው ይለሰልሳል። ለጀማሪ የአሜሪካውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለም ነው። እሱን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከሁለተኛው ብትጀምሩም አይጎድልባችሁም። አለቃውን የሚጫወተው ስቲቭ ካሬል በሰባተኛው ምዕራፍ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አየሁት እንጂ አልወደድኩትም።

ለምን ብቻዬን? ይሉኝታ ነዋ። አለቃው ሰው ፊት ነውር ይናገራል፣ የሚስቅለት የለም፣ እሱ ደግሞ አይገባውም። ዝምታ ይሆናል። ካሜራው ያን ዝምታ ዝም ብሎ ያያል። የተቀዳ ሳቅ እንኳ የለም የሚያድነው። እኛ ደግሞ ሰው ሲያፍር አብረን የምናፍር ሕዝብ ነን። እማዬ አንድ ክፍል አይታ «ኧረ አንድ ሰው ይንገረው!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እኔን የሚያስቀኝ ሰውየውን ስለማውቀው ነው። አንድ ጊዜ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት አለቃችን ስብሰባ በቀልድ ነበር የሚከፍተው። ቀልዱን እሱ ይጀምራል፣ እሱ ይጨርሳል፣ ቀድሞም እሱ ይስቃል። እኛ እንደየደመወዝ እርከናችን እንከተላለን። አንድ ቀን ግምገማ ላይ «ለምን ሐሳባችሁን በግልጽ አትናገሩም?» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እና «ዘ ኦፊስ»ን ሳይ ትዝታዬን ነው የማየው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ይምረጠው።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. «ፍሬንድስ» ላይ ቻንድለርን የሚጫወተው ማቲው ፔሪ ሞተ። 54 ዓመቱ ነበር። እህቴ አለቀሰች። እናና ያኔም እኛ ጋ ነበሩ፤ «የማን ልጅ ነው?» አሉ። ነገርናቸው። «ሲያስቃት ነበራ» ብለው እጃቸውን ዘርግተው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ወዲህ እህቴ ያንን ስታይ እናና ስለ ቡናው ምንም ብለው አያውቁም።

ዝነኞቹን ማየት ወይስ ሥራቸውን?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ «ሰይፉ በኢቢኤስ» ያሉት ዝግጅቶች የራሳቸው ደስታ አላቸው። ቡና እየተጠጣ፣ ወሬ እየተወራ ለማየት ጥሩ ናቸው፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ቢያመልጣችሁ ምንም አይጎድልም። እማዬ ከዘፋኞች ወገን የምትጠብቀው ጂጂን ብቻ ነው። የቻግኒ ልጅ ናትና። የጂጂ ስም በተነሳ ቁጥር «የኛ ልጅ» ትላለች፣ ጎረቤት ያደገች ይመስል።

ከቀልደኞች ግን ሥራቸውን ብታዩ እመርጣለሁ። ቀልደኛ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ችግሩ ሲያወራ ካየሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት በቀልዱ መሳቅ ያቅተኛል። የድራማ ተዋንያን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ አስናቀ ሆኖ የሠራውን የማያስታውስ የለም። እናና አሁንም አልተላቀቁትም። ሰውየው ሌላ ዝግጅት ላይ ጨዋ ሆኖ ተቀምጦ ሲያወራ አይተው «አሁን ደግሞ ማንን ሊያታልል ነው?» አሉ። እንዲህ የሚባል ተዋናይ ሌላ ሽልማት ምን ያደርግለታል?

የትርጉም ነገር

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የውጭ ሰው አማርኛ ሲናገር ማየት ለምደናል። ለለቅሶና ለፍቅር ጥሩ ነው። ኮሜዲ ላይ ግን አይሆንም። ቀልድ የሚገደለው በግማሽ ሰከንድ መዘግየት ነው። የከንፈሩን እንቅስቃሴ ሲያሳድዱ ቀልዱ ያን ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ተተርጉሞ የሚያስቀኝ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ተርጓሚው ፊልሙን ትቶ የራሱን ቀልድ የሚጨምርበት። እሱን በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በደንብ ስቄበታለሁ። ፊልሙ የቻይና፣ ስድቡ የሰፈራችን።

ፀጉር ቤት ውስጥ ስለሚታይ ፊልምም አንድ ነገር ልበል። የኤዲ መርፊ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። የፀጉር ቤቱ ጭቅጭቅ ያለበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስቱን ሽማግሌ የሚጫወቱት ኤዲ መርፊና አርሴኒዮ ሆል ናቸው። ነጩ ሽማግሌም ራሱ መርፊ ነው። ይሄን ለፀጉር ቆራጬ ስነግረው መላጫውን አንገቴ ላይ እንደያዘ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ውሸት!» አለ። እየተላጫችሁ እንዲህ ያለ ነገር አትንገሩ። ከወላጅ ጋር ካያችሁት ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን የገላ መታጠቢያ ቦታ አስቀድማችሁ አሳልፉት።

ሁሉም ቤት ካሉ

ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቻርሊ ቻፕሊንን ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ እህቴ ታጉረመርማለች። አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሱ።

የ1925 እ.ኤ.አ. «ዘ ጎልድ ረሽ» አለ። ወርቅ ፍለጋ የወጣ ድሃ ሰው በበረዶ መሀል ጎጆ ውስጥ ከአንድ ግዙፍ ሰው ጋር ይቀራል። የሚበላ ጠፋ። ቻፕሊን አንድ ጫማውን አውልቆ ይቀቅላል። መረቁን ያፈስበታል። በቢላ ይቆርጣል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልላል። የሶሉን ሚስማር እንደ አጥንት ይመጠምጣል። ፊቱ ላይ አንዲት የቀልድ ምልክት የለችም። የሰርግ ምሳ የሚበላ ነው የሚመስለው።

አምስታችንም አንድ ላይ የሳቅነው እዚህ ላይ ነው። በክረምቱ ሁሉ አንድ ጊዜ። አባዬ ጫማው ስንት ያወጣ ነበር ብሎ ጠየቀ። እናና ግን ሳቃቸውን መሀል ላይ አቆሙ። ፍልሰታ ነበር።

«ቆዳ እኮ ነው» አሉ።

«አዎ እናና።»

«ቆዳ ፍስክ ነው። በጾም ይሄን አላይም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እውነታቸውን ይሁን ሲቀልዱብን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ማታውን ስለ ፊልሙ ሳነብ አደርኩ። ጠዋት ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጫማው ቆዳ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ከአንድ ጣፋጭ የዕፅዋት ሥር ከሚሠራ ጥቁር ከረሜላ ነው የተሠራው፤ ተዋናዩ እንዲበላው ተብሎ።

እናና ስኒውን አስቀመጡ።

«ከሥር ነው?»

«ከሥር።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም! ጾም ነዋ የበላው። በል ተነሥ፣ መልሰህ ክፈትልኝ።»